ፍሬን «እምቢ» የሚለው ቁልቁለቱ ላይ አይደለም

የመኪና አደጋ ዜና ስናነብ አንድ ሐረግ አይጠፋም፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። አንዳንዴ «ፍሬን በጥሶ» ይባላል። ከዚያ የሟቾች ቁጥር፣ የቁስለኞች ቁጥር፣ ነፍስ ይማር። በቃ፣ ጣታችን ወደሚቀጥለው ዜና ያልፋል። ፍሬኑ ለምን እምቢ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ልቡ እንደሸፈተ በቅሎ ራሱ ያመፀ ይመስል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ በሚኒባስ ስሄድ ያጋጠመኝ ነገር ጥያቄውን ከአእምሮዬ አላወጣልኝም። መኪናው የሚጭነው አሥራ አምስት ሰው ነው፤ እኛ ሃያ ነበርን። ጣሪያው ላይ የማር ጀሪካን፣ የእህል ጆንያ፣ የታሰሩ ሁለት ፍየሎች አሉ። አንዱን ረጅም ቁልቁለት ስናጋምስ የሚያቃጥል ሽታ መጣ። ከኋላው ስለተቀመጥኩ የሾፌሩ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል፤ ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጠ ነው። ምንም ሳይናገር ማርሽ ቀነሰ፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ተጠግቶ እያንገራገጨ አቆማት። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ። ቀጥሎ በሃይላንድ ውሃ አምጥቶ ጎማው ላይ ደፋ። እንፋሎት ቡልቅ አለ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ሞቆበት ነው ልጄ። ትንሽ ይረፍ፣ ይመለሳል።»

እውነትም ተመለሰ። መንገድ ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስንነሳ ፔዳሉ እንደ ጤነኛ ጠንከር ብሎ ያዘ። አንዲት እናት ሦስቴ አማትበው ገቡ፤ እኛም ተከተልን። እኔን ያስገረመኝ ግን የፍሬኑ መጥፋት አልነበረም፤ መመለሱ ነበር። ማንም መፍቻ አላነሳም፣ አንድም ዕቃ አልተቀየረም። ታዲያ የት ሄዶ መጣ?

መልሱን ፍለጋ ከመካኒኮች ጋር ብዙ ሻይ ጠጣሁ። ያገኘሁት መልስ ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የኔው ሙያ፣ ገንዘብ።

እግራችሁ እንዴት አንድ ቶን ተኩል ይገፋል?

እስቲ ሁለት ሲሪንጅ አስቡ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ሁለቱንም ውሃ ሞልታችሁ በቱቦ አገናኟቸው። ቀጭኑን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ወፍራሙ ይገፋል፤ ጉልበቱ ግን ከጣታችሁ ጉልበት ይበልጣል። ምክንያቱም ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ ግፊቱን ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያደርሳል። ይህን ሕግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። የትንሽ መኪናና የሚኒባስ ፍሬን የዚህ ሕግ ልጅ ነው። ተሳቢና ሲኖትራክን የመሳሰሉት ከባዶቹ ግን በታመቀ አየር ይሠራሉ፤ የነሱ ነገር ለሌላ ቀን ይቆየን።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። ሾፌሩ ፔዳሉን በ20 ኪሎ ጉልበት ረገጠ። ፔዳሉ ራሱ እንደ ማንሻ ስለሆነ 20ው 80 ይሆናል። ቀጥሎ በአየር ግፊት የሚሠራው አጋዥ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ 240። ይህ ጉልበት ዋናው ሲሊንደር ውስጥ ያለውን፣ ስፋቱ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 60 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። ግፊቱ በቀጭን ቱቦ እስከ ጎማው ይሄድና እዚያ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን ያገኛል። 60 ሲባዛ በ25፣ 1 ሺህ 500 ኪሎ። ይህ ጉልበት የፍሬን ፓዱን ዲስኩ ላይ ይጫነዋል። የኋላው ጎማ ብዙ ጊዜ ታምቡር ስለሆነ እዚያ የሚገፋው የፍሬን ሸራውን ነው።

ስለዚህ በዚህ ፍሬን ውስጥ የሚበጠስ ገመድ የለም። «በጠሰ» የሚለው ቃል ለጥንቱ ፍሬን ይሻል ነበር። ድሮ መኪና የሚቆመው በገመድና በብረት ዘንግ ነበር። አሜሪካዊው ዱሰንበርግ አራቱንም ጎማ በፈሳሽ የሚያቆም መኪና እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፎርድ ግን እስከ 1939 ድረስ ከብረት ዘንጉ አልላቀቅም ብሎ ቆይቷል። ዛሬ ገመድ የቀረው የእጅ ፍሬን ላይ ነው።

አጋዡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለደጋ ሰው ይመለከተዋል። አጋዡ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚፈጥረው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ኮረም ደግሞ ከ2 ሺህ 500። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ የሚገፋበት ጉልበት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ያው መኪና፣ ያው እግር፣ ግን ደጋ ላይ የአጋዡ አቅም ይቀንሳል። ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚለቅማ ጥቂት ከረገጠ በኋላ አጋዡ ጭራሽ ያልቅበታል፤ ከላይ ያየናት 1 ሺህ 500 ወደ 500 ትወርዳለች።

አምስት ጀሪካን የፈላ ውሃ

ፍሬን መኪና ያቆማል ስንል ምን ማለታችን ነው? እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል ማለታችን ነው። ሌላ ሥራ የለውም።

የዋግ ሰው የሚያውቀውን ቁልቁለት ልጥራ፤ ከሰቆጣ ኮረም ደርሶ ወደ አላማጣ የሚወረደውን ግራካሱ። ከኮረም እስከ አላማጣ ከፍታው 1 ሺህ ሜትር ያህል ይቀንሳል። 3 ቶን የሚመዝን የተሳፈረበት ሚኒባስ ይህን ያህል ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ እንዲህ አስቡት፦ አምስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛነቱ አንስቶ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከዚህ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይበሉታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ሙቀቱም በሞተሩ በኩል ይወጣል። ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ከለቀቀ ግን አምስቱም ጀሪካን እዚያች የእጅ መዳፍ በምታክል ፓድ ላይ ይፈላል። ጣሪያው ላይ 600 ኪሎ ትርፍ ከተጫነ ስድስተኛ ጀሪካን ጨምሩ።

ውሃ የጠጣ ዘይት

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ፍሬኑ የት ሄዶ መጣ?

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት ዓይነት ነገር አይደለም። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ያልተገጠመ ጨው ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን የድሮዋ የአሞሌ ገበያ ሰቆጣ ታውቃለች። የፍሬን ዘይትም በየወሩ፣ በየዓመቱ፣ በላስቲክ ቱቦውና በክዳኑ በኩል ውሃ ይጠጣል።

ቆርቆሮው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እዚህ ሙቀት መድረሱ ብርቅ አይደለም።

ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። የፓስካል ሕግ የቆመው ደግሞ ፈሳሽ አይታመቅም በሚል ነው። እንፋሎት ይታመቃል! ሾፌሩ ሲረግጥ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም፤ አረፋውን ሲጨምቅ ያልቃል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ መሬት ይነካል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። የኛ ሾፌር «ይመለሳል» ያለው ትክክል ነበር። ለምን እንደሄደ ግን አልነገረኝም።

(ሌላም ዓይነት አለ፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ሲል። ያኔ የጋለው ፓዱ ወይም ሸራው ነው፤ መያዝ አቅቶት ይንሸራተታል። የሚያቃጥለው ሽታ ከዚያ ይመጣል። ውሃ መድፋቱም መላ አይደለም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ዘይቱ የጠጣውን ውሃም አያወጣም።)

እስቲ ይህንን ወደ አደጋ መርማሪው ጠረጴዛ እንውሰደው። መኪናው ገደል ገብቷል። ሾፌሩ በሕይወት ከተረፈ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ፍሬኑ ከሰዓታት በኋላ፣ ቀዝቅዞ ሲሞከር ይሠራል። ታዲያ ማን ያምነዋል? ማስረጃው በቁሙ ተንኗል። ጥፋቱ «ከፍጥነት ወሰን በላይ በማሽከርከር» ተብሎ ይመዘገብና ፋይሉ ይዘጋል። ሾፌሩ ይታሰራል፤ ያ ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ ግን ማንም አይጠየቅም።

ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት ይባላል። ሚኒባስ የሚይዘው ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። መኪናው ላይ ከሚፈሰው ወጪ ሁሉ ከትንሾቹ አንዱ ነው። ታዲያ ለምን አይቀየርም? «ግድ የለሽነት ነው» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ሰው በአብዛኛው ሂሳቡን አውቆ ነው የሚሠራው ብዬ አምናለሁ፤ ችግሩ ሂሳቡ ጠማማ መሆኑ ነው።

አንደኛ፣ ተሳፋሪው አያይም። መናኸሪያ ስትገቡ ሁለት ሚኒባስ ቆሟል። የአንዱ ዘይት ትናንት ተቀይሯል፣ የሌላው አምስት ዓመቱ ነው። ታሪፋቸው አንድ ነው፤ ተራ የደረሰው ይጭናል። ዘይት የቀየረው ባለንብረት ለጥንቃቄው አምስት ሳንቲም ጭማሪ አያገኝም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ፣ ገዢ ጥራትን ማየት በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ተገፍቶ እንደሚወጣ አሳይቷል። ለዚህ ሥራው በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። መናኸሪያችን የሱ መማሪያ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ ሾፌርና ባለንብረት ኪሳቸው የተለያየ ነው። በብዙ ቦታ ሾፌሩ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን እሱ ይሞላል፤ ጥገናው የባለንብረቱ ነው። በፎሌ መልቀቅ ከሾፌሩ ኪስ ነዳጅ ያተርፋል ተብሎ ይታመናል፤ የሚያልቀው ፓድ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። በ2014 መጨረሻ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ይህ ፈተና ብሷል። የሚያሳዝነው ግን ሂሳቡ ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጩ የዛሬ መኪኖች በማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጁን ይዘጉታል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ነዳጅ አተርፋለሁ ብሎ ነፍስና ነዳጅ አብሮ ማባከን ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ምንዛሪ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፓድ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት፣ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። ዋጋ ሲወደድ ሰው ወይ ያዘገያል ወይ ርካሹን ይገዛል። ዋግ ኽምራ ላይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የነበረው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት፣ መንገዱንም ገበያውንም ሰብሯል። ሰቆጣ ያለ መካኒክ የሚፈልገው ዕቃ በሰዓቱ ካልደረሰው ያለውን ገጣጥሞ ይልካል። አልፈርድበትም።

በሦስቱም ጊዜ ውሳኔው የሚወሰነው ቁልቁለቱ ሳይደረስ ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው ገደሉ አፋፍ ላይ አይደለም፤ ከወራት በፊት ባለንብረቱ «ይቆይ» ባለ ቀን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ቁጥጥሩ ይጥበቅ» ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ሆኜ መጻፍ አይከፈልበትም። ግን ዝቋላ ወይም ሰሃላ ላይ በሳምንት ጥቂት መኪና በሚያልፍበት ቦታ መኪናውን ብናግድ፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወጣለች። ለደኅንነት ብለን የምንወስደው እርምጃ ራሱ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመር ያለብን ርካሽ ከሆነው ነገር ነው።

አንድ፣ ቦሎ። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬን ይለካል፤ የሚለካው ግን ቀዝቅዞ፣ ሜዳ ላይ፣ በዚያች ደቂቃ ነው። ውሃ የጠጣ ዘይት ይህን ፈተና በደንብ ያልፋል። የዘይቱን እርጥበት የሚለይ እስክሪብቶ የሚያክል መሣሪያ አለ፤ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ዘይቱ የተቀየረበት ቀን ከቦሎው ጎን ይለጠፍ፤ ተሳፋሪውም በስልኩ ካሜራ ማየት ይችላል። አከርሎፍ የነገረን ይሄው ነው፤ የማይታየውን የሚታይ አድርገው።

ሁለት፣ የአደጋ ምርመራ። እንፋሎቱ ይጠፋል እንጂ ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከገደል ከወጣ መኪና ጥቂት የፍሬን ዘይት ቀድቶ የሚፈላበትን ሙቀት መለካት ሾፌሩ እውነቱን ይሁን አይሁን ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ተጠያቂነቱ ወደ ባለንብረቱም ይሂድ። ኢንሹራንሱም እንደዚያው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ፕሪሚየሙ ግን ፍሬኑን የሚንከባከበውንና የማይንከባከበውን አይለይም። ቢለይ ባለንብረቱ ሳይለመን ይቀይር ነበር።

ሦስት፣ ታክስ። መንግሥት ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ እያረጁ። ፓድ፣ ሸራ፣ ጎሚኒና የፍሬን ዘይት ላይ ያለውን ቀረጥ ማቅለል ለመንግሥት ትንሽ ገቢ ነው፤ ለመንገዱ ግን ብዙ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይቀራል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጀነሬተር ተለውጦ ባትሪ ይሞላል፤ ከአምስቱ ጀሪካን ብዙው ወደ ባትሪው ይሄዳል። ግን ኮረም ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ግራካሱን የሚጀምር ሰው፣ የሞላ ባትሪ ሌላ አይቀበልምና ሸክሙ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ነው። ዘይቱም እዚያም ውሃ ይጠጣል።

እስከዚያው ድረስ ለእኔና ለእናንተ፣ ለተሳፋሪዎች። ጋቢና ከተቀመጣችሁ ዳሽቦርዱን እዩ፤ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ መብራት ሞተሩ ተነስቶም፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዶም ከበራ ዝም አትበሉ። ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ሾፌሩ ፎሌ ለቋል ማለት ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ማረፍ ጠቃሚ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አትንፈጉት። የድሮ ሾፌሮች ሕግም ቀላል ነው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። በትሕትና «ሾፌር፣ በማርሽ ያዝልን» ማለት ነውር የለውም። ሃያ ሰው ሆኖ አንዱም ሳይናገር ገደል ከመግባት ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ የዓለም አማካይ 18.2 ነበር። ያውም ለሕዝባችን ብዛት ካለን ትንሽ መኪና። ከዚህ ውስጥ ስንቱ «ፍሬን እምቢ ብሎት» እንደሆነ የሚነግረን ዘይቱን ቀድቶ የሚለካ ሰው ሲኖር ነው።

ያን ዕለት ላሊበላ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ፍየሎቹ ወረዱ፣ ማሩ ወረደ፣ ያማተቡት እናት ሾፌሩን መረቁት። እኔም ተሰናብቼው ልሄድ ስል «ጋሼ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ ነው የተቀየረው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «እኔ ከያዝኳት ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ስጨምርበት እንጂ ስቀይረው አላስታውስም» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሰቆጣ ይመለሳል፤ ተራው ደርሶለታል።